በጎረቤት ጩኸት መካከል መስማት፤ ከራዲዮ መቀበያ ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ አብዛኞቻችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ለመጻፍ አስበን ነበር። ነገር ግን በዚህ ዓመት በፊዚክስ ክፍላችን የገጠመን አንድ ትንሽ ነገር ሐሳባችንን ወደ ሌላ ታሪክ መራው። ከመዳብ ሽቦ፣ ከአንድ ዳዮድና ከጆሮ ማዳመጫ ትንሽ የራዲዮ መቀበያ ሠርተን፣ አንቴናውን በመስኮት አውጥተን ስናዳምጥ፣ በቅርብ ያለው ብርቱ ጣቢያ ጥርት ብሎ ተሰማን። እኛ የፈለግነው ግን ሌላውን፣ ደከም ያለውን ጣቢያ ነበር። መቃኛውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ብናዞረው ያው አንዱ ጣቢያ ብቻ ይጮኻል። ከመካከላችን አንዱ ተናደደና «ይህ ጣቢያ ኃይሉ ከልክ ያለፈ ነው፤ ጥፋቱ የእርሱ ነው» አለ። መምህራችንም ፈገግ ብለው «ጥፋቱ የጣቢያው ነው ወይስ የጆሮአችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። ያን ዕለት መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ መልሱን ስንፈልግ የሄድንበት መንገድ ነው።

ፍለጋችን ያደረሰን በተራራ ጫፍ ላይ ከምትገኝ አንዲት ጎጆ ዘንድ ነው። አማተር ራዲዮ የሚባለው ሰዎች ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀትና ለወዳጅነት ሲሉ፣ በመንግሥት ፈቃድ፣ በራሳቸው ጣቢያ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ሥራ ነው። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ራዲዮ ከተራራ ጀርባ ላለ ሰው ስለማይደርስ፣ አማተሮች በከፍታ ላይ ሪፒተር የሚባል መሣሪያ ያቆማሉ። በገጠራችን ሰው ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየተጣራ የሰማውን ለቀጣዩ እንደሚያቀብል፣ ሪፒተርም ደካማውን ድምፅ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ አበርትቶ ይልከዋል። ዳሩ ግን ከፍታን የሚወዱ አማተሮች ብቻ አይደሉም። ትልልቆቹ የማሠራጫ ጣቢያዎችም ምሰሶአቸውን የሚተክሉት በዚያው ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ ሹክሹክታ ለመስማት የተሠራው መቀበያ በነጋሪት አጠገብ እንደ ቆመ ሰው ይሆናል። በዚያ ቦታ መስማት የሚቻለው እንዴት ነው? ይህን ለመረዳት ወደ ራዲዮ መጀመሪያ ዘመን መመለስ አስፈልጎናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

በመጀመሪያው ዘመን የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ይሠራ የነበረው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። ብልጭታውም ኃይሉን በብዙ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሚበትነው፣ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ቢልኩ መልእክታቸው ይደበላለቅ ነበር። ለዚህ ችግር መፍትሔ ካሰቡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦሊቨር ሎጅ ነው። እርሱም በ1897 ላኪውንና ተቀባዩን ወደ አንድ ፍሪኩዌንሲ የማስማማትን ብልኀት በፓተንት አስመዘገበ። ለእኛ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ ቅኝት ነውና። ሁለት ክራሮች እኩል ተቃኝተው በአጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ፣ የአንዱ ክር ሲመታ የሌላው ክር ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል። ያልተቃኘው ግን ዝም ይላል። ጉሊየልሞ ማርኮኒም በ1900 ቁጥሩ 7777 በሆነው ዝነኛ ፓተንቱ ይህንኑ አሳብ አሻሽሎ ለሥራ አበቃው።

ብዙ ሰዎችም እንግዲህ ችግሩ ተፈታ ብለው አመኑ። የማርኮኒ ወገን በትክክል የተቃኘ መሣሪያ በሌላ ሰው አይደፈርም እያለ ይመካ ጀመር። ጁን 4 ቀን 1903 ግን ትምክሕቱ ተፈተነ። በዚያ ቀን በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ስለ ገመድ አልባ ቴሌግራፍ ንግግር ያደርግ ነበር። ማርኮኒም በኮርንዎል፣ በፖልዱ ከሚገኘው ጣቢያው መልእክት ሊልክ ተዘጋጅቶ ነበር። የተጠበቀው መልእክት ሳይደርስ ግን መሣሪያው በሞርስ ፊደል «አይጦች» የሚል ቃል ደጋግሞ ይቀበል ጀመር፤ ቀጥሎም በማርኮኒ ላይ የሚያሾፍ ግጥም መጣ። ይህን የላከው ኔቪል ማስክሊን የተባለ፣ በምትሃት ትርኢት የታወቀና የገመድ አልባ ቴሌግራፍንም የሚመራመር ሰው ነበር። መሣሪያው ቀላልና በትክክል ያልተቃኘ ቢሆንም ከአዳራሹ ሳይርቅ ተተክሎ ነበር። ፍሌሚንግ በጋዜጣ ላይ በቍጣ ጻፈ፤ ማስክሊንም ስሙን ሳይደብቅ፣ የተባለው ምሥጢራዊነት ባዶ መሆኑን ለሕዝብ ለማሳየት እንዳደረገው መለሰ።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ በመጀመሪያ ሳቅን፤ ቈይተን ግን ትልቅ ነገር እንዳለበት ተረዳን። የተቃኘ ጆሮ የራቀውን ከራቀው ሊለይ ይችላል፤ በቅርብ የቆመውን ብርቱ ድምፅ ግን በቅኝት ብቻ ሊከለክለው አይችልም። የተራራው ሪፒተር ችግር በ1903 በዚያ አዳራሽ ውስጥ ታይቶ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የምንተርከው ግን የሚያስቅ አይደለም። ኤፕሪል 14 ቀን 1912 ማታ ታይታኒክ የተባለው መርከብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይጓዝ ነበር። የቴሌግራፍ ሠራተኛው ጃክ ፊሊፕስ መሣሪያው ከዚያ በፊት ተበላሽቶበት ስለ ነበር የተጠራቀመውን የመንገደኞች መልእክት በካናዳ ዳርቻ ወደሚገኘው ወደ ኬፕ ሬስ ጣቢያ በመላክ ተጠምዶ ነበር። የኬፕ ሬስ ድምፅ የሚመጣው ከሩቅ ስለ ነበር ደካማ ነው። በዚህ መካከል ካሊፎርኒያን የተባለው ሌላ መርከብ በበረዶ ተከቦ ስለ ቆመ፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛው ሲሪል ኤቫንስ ለታይታኒክ ሊነግረው ጠራው። ካሊፎርኒያን ቅርብ ስለ ነበረ ድምፁ በፊሊፕስ ጆሮ ላይ እንደ ነጐድጓድ ወደቀበት፤ የሚያዳምጠውንም ደካማ ድምፅ ሸፈነበት። ፊሊፕስም ከኬፕ ሬስ ጋራ ሥራ ላይ ነኝና ዝም በል የሚል መልስ ሰጠው። ኤቫንስ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ብዙም ሳይቆይ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን 20 ደቂቃ ሲቀረው፣ ታይታኒክ ከበረዶው ተራራ ጋራ ተጋጨ። በዚያም ሌሊት ከ1,500 የሚበልጥ ሰው ሞተ።

ለዚህ ጥፋት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በራዲዮ ላይ መጫን አይገባም። ሆኖም ሁለቱ ወጣቶች ክፉ ሰዎች እንዳልነበሩ ልብ ይሏል። ኤቫንስ ራሱ በኋላ በተደረገው ምርመራ ላይ የፊሊፕስን መልስ እንደ ስድብ እንዳልቈጠረው ተናግሯል። አንዱ ሊያስጠነቅቅ ፈለገ፤ ሌላው ሥራውን ሊፈጽም ፈለገ። በመካከላቸው የነበረው ችግር ብርቱና ደካማ ድምፅን ለይቶ በአንድነት ማስተናገድ የማይችለው መቀበያ ነበር። ስለዚህ «መቀበያ ከረብሻ እንዴት ይዳን?» የሚለው ጥያቄ የመሐንዲሶች ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይታየንም።

ከታይታኒክ በኋላ መንግሥታት ሕግ ማውጣት ጀመሩ። በአሜሪካ ኦገስት 13 ቀን 1912 የተፈረመው የራዲዮ ሕግ አማተሮችን ከ200 ሜትር ወዲህ ወዳለው አጭር ሞገድ አወረዳቸው። በዚያን ጊዜ አጭሩ ሞገድ ለረጅም ርቀት የማይጠቅም ይመስል ስለ ነበር፣ ነገሩ ልጆችን ወደ ጓሮ ሄዳችሁ ተጫወቱ እንደ ማለት ነበር። ነገር ግን በዲሴምበር 1921 የአሜሪካ አማተሮች የላኩት ድምፅ በስኮትላንድ አገር ተሰማ፤ በ1923ም አንድ ፈረንሳዊና አንድ አሜሪካዊ አማተር በ100 ሜትር ገደማ ሞገድ አትላንቲክን አቋርጠው ተነጋገሩ። የተናቀው ጓሮ ሰፊ እርሻ ሆነ።

በዚያው ዘመን ሁለት ሌሎች ብልኀቶች ተገኙ። የመጀመሪያው ርቀት ነው። የማርኮኒ ኩባንያ በ1914 በዌልስ አገር ማስተላለፊያውን በካርናርቨን አጠገብ፣ መቀበያውን ግን በታዊን አቆመ፤ ብዙ ኪሎ ሜትር በመካከላቸው ስላለ በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም ይቻል ነበር። ሁለተኛው ወጥመድ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት የማሠራጫ ጣቢያዎች በየከተማው በበዙ ጊዜ፣ በምሰሶው አጠገብ የሚኖር አድማጭ ከአንድ ጥቅልል ሽቦና ከአንድ ካፓሲተር የተሠራ ማገጃ በአንቴናው መሥመር ላይ ያገባ ነበር። ይህ የሞገድ ወጥመድ የሚቃኘው ወደሚፈለገው ጣቢያ ሳይሆን ወደማይፈለገው ጣቢያ ነው። ተፈላጊውን ከመጥራት ይልቅ ረባሹን ስሙን ጠርቶ በበር ላይ ይመልሰዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የኤድዊን አርምስትሮንግን ስም ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ይህ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1918 በፓሪስ በጦር አገልግሎት ላይ ሳለ ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን የመቀበያ ዓይነት አዘጋጀ። በዚህ መቀበያ ውስጥ የሚመጣው ሞገድ በመቀበያው ውስጥ ከሚመነጭ ሌላ ሞገድ ጋራ ይደባለቅና ወደ አንድ የታወቀ ፍሪኩዌንሲ ይለወጣል፤ በዚያም በጥሩ ማጣሪያ ይጠራል። እስከ ዘመናችን ድረስ ብዙ መቀበያዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። አርምስትሮንግ በ1933 ደግሞ ኤፍ ኤም ለተባለው አሠራር ፓተንት አገኘ። የመብረቅና የሞተር ጩኸት የማይጫነው ጥርት ያለ ድምፅ ለሕዝብ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። በ1945 የአሜሪካ መንግሥት የኤፍ ኤም ማሠራጫዎችን ከ42–50 ሜጋኸርዝ አንሥቶ ወደ ዛሬው ቦታቸው ወደ 88–108 አዛወራቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም አማተሮች ከ144 ሜጋኸርዝ በላይ ያለውን የሁለት ሜትር ክልል አገኙ። ሁለቱ ወገኖች በሥርዐት የተለያየ ርስት ተሰጣቸው። ግን ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ተራራ ነበር።

በ1950ዎቹ ዓመታት በካሊፎርኒያ አማተሮች የመጀመሪያዎቹን ሪፒተሮች ማቆም ጀመሩ፤ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹም ከታክሲና ከፖሊስ አገልግሎት የወጡ ራዲዮዎችን እየጠገኑ በየአገሩ አበዙአቸው። ሪፒተር የጥንቱን የርቀት መድኃኒት መጠቀም የማይችል መሣሪያ ነው። ማስተላለፊያውና መቀበያው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎጆ ውስጥ፣ ከአንድ አንቴና ጋራ ታስረው ይኖራሉ። ጎረቤቱም በብዙ ሺህ ዋት የሚያሠራጭ ጣቢያ ሊሆን ይችላል። ጥሩ መቀበያ የአንድ ቮልት አምስት ሚሊዮንኛ ያህል የሆነውን ምልክት ይሰማል። የጎረቤቱ ሞገድ በዚያው አንቴና ላይ አንድ ቮልት ቢያሳድር፣ ረባሹ ከተፈላጊው አምስት ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው።

ረብሻው በብዙ መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው መደንቆር ነው። ብርቱው ሞገድ በመቀበያው መግቢያ ላይ ያለውን ማጉያ ከአቅሙ በላይ ስለሚያስጨንቀው ደካማውን ለማጉላት ኃይል ያጣል። ምንም እንግዳ ድምፅ አይሰማም፤ ሩቅ ያለው ሰው ግን ቢጣራ አይሰማም።

ሁለተኛው መደባለቅ ነው፤ እኛን እጅግ ያስገረመንም ይህ ነው። ማጉያ በአቅሙ ልክ ሲሠራ የገባውን ብቻ አጉልቶ ያወጣል። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን የገቡትን ፍሪኩዌንሲዎች እየደመረና እየቀነሰ፣ ከውጭ ያልመጡ አዳዲስ ፍሪኩዌንሲዎችን ይወልዳል። ለምሳሌ አንድ ሪፒተር በ145.0 ሜጋኸርዝ የሚቀበልና በ145.6 የሚልክ ይሁን። በተራራው ላይ አንዱ በ98.0፣ ሌላው በ98.6 የሚሠሩ ሁለት የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ይኑሩ። አሁን እንደ ሒሳብ ክፍል እናስላ። 145.6 ላይ 98.0 ብንደምር 243.6 ይሆናል። ከዚህ 98.6 ብንቀንስ የሚቀረው 145.0 ነው፤ ይኸውም ሪፒተሩ የሚያዳምጥበት ትክክለኛ ፍሪኩዌንሲ ነው! በ145.0 የሚናገር አንድ ሰው ሳይኖር የተደበላለቀ ሙዚቃና ንግግር ይሰማል። ሪፒተሩም የሰማውን መልሶ ይልካል፤ ስለ ላከም ድብልቁ ይቀጥላል፤ ስለ ቀጠለም እንደ ገና ይልካል። በራሱ ማሚቶ የሚታለል ሰው ይመስላል። በአሜሪካ ደግሞ በ146.34 የሚቀበልና በ146.94 የሚልክ ሪፒተር ብዙ ነበር። ልዩነቱ 0.6 ሜጋኸርዝ ስለ ሆነ፣ በ600 ኪሎኸርዝ የሚያሠራጭ አንድ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ በአቅራቢያው ከኖረ ይኸው መከራ ሊመጣ ይችላል።

ሦስተኛው ከመቀበያው ውጭ የሚወለድ ድብልቅ ነው። በምሰሶ ላይ ያለ የዛገ ብሎን ወይም የላላ ሽቦ የኤሌክትሪክን ፍሰት ወደ አንድ ወገን ከሌላው ይልቅ ስለሚያሳልፍ፣ ሞገዶችን ተቀብሎ ይደባልቃቸውና መልሶ ይረጫቸዋል። ይህን ስናነብ የክፍላችን መቀበያ ትዝ አለን። ጀርመናዊው ሊቅ ፈርዲናንድ ብራውን በ1874 አንዳንድ የብረት ማዕድኖች ኤሌክትሪክን ወደ አንድ ወገን ይበልጥ እንደሚያሳልፉ አገኘ፤ አሜሪካዊው ግሪንሊፍ ፒካርድም በ1906 የሲሊኮን ክሪስታልን የራዲዮ ሞገድ መለያ አድርጎ ፓተንት ወሰደ። የእኛ ዳዮድ የእነዚህ ልጅ ነው። እንግዲህ በጠረጴዛችን ላይ ድምፅ የሚያሰማን ያው ጠባይ በምሰሶው ዝገት ላይ ሲገኝ ረባሽ ይሆናል። ሰማይ ራሱም አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል። በ1933 በኔዘርላንድ የሚገኝ ቴሌገን የተባለ ተመራማሪ የስዊዘርላንዱን የቤሮሙንስተር ጣቢያ ሲያዳምጥ የሉክሰምበርግ ጣቢያ ፕሮግራም በውስጡ ተደባልቆ ሰማ። ብርቱው የሉክሰምበርግ ሞገድ በላይኛው የአየር ክፍል፣ በአዮኖስፌር ውስጥ፣ ደካማው ሲያልፍ አሻራውን አትሞበት ነበር።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ሐኪም በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት እንደማይሰጥ፣ እዚህም መመርመር ይቀድማል። መጀመሪያ የሪፒተሩን ማስተላለፊያ ዘግቶ ማዳመጥ ነው፤ ረብሻው ከጠፋ የራሱ ማስተላለፊያ በነገሩ ውስጥ እጁ አለበት። ሁለተኛው ምርመራ ይበልጥ ያምራል። በአንቴናውና በመቀበያው መካከል የሞገዱን ቮልት በግማሽ የሚቀንስ ማድከሚያ ይገባል። ረብሻው ከውጭ በዚያው ፍሪኩዌንሲ የመጣ ከሆነ እርሱም በግማሽ ይቀንሳል። በላይ እንዳሰላነው ሦስት ሞገዶች በመቀበያው ውስጥ ተደባልቀው የወለዱት ከሆነ ግን፣ ሦስቱም በግማሽ ስለሚቀንሱ ግማሽ ጊዜ ግማሽ ጊዜ ግማሽ፣ ማለት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በዚህ ዓይነት ድብልቁ የት እንደ ተወለደ ይታወቃል።

ብዙ ጊዜም የሚገኘው ጥፋት በመቀበያው ውስጥ ነው። አማተሩ ጣቢያውን ለመክሰስ ደብዳቤ ሲያዘጋጅ የራሱ ማጉያ ከአቅሙ በላይ ተጨንቆ ይገኛል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ ይስማማል። በዚህ ጊዜ ትክክለኛው መድኃኒት ከማጉያው በፊት ማጣሪያ ማስገባት ነው። ካቪቲ የሚባለው ማጣሪያ በውስጡ ዘንግ ያለበት የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ጣሳ ነው። የዘንጉ ርዝመት የሞገዱ ሩብ ይሆናል፤ በ145 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 2.07 ሜትር ስለ ሆነ ሩቡ 52 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተቃኘበትን ያሳልፋል፤ ሌላውን ይመልሳል። ከእርሱም በላይ እንደ ጥንቱ የሞገድ ወጥመድ፣ በረባሹ ጣቢያ ላይ የተቃኘ ማገጃ መጨመር ይቻላል። ማጣሪያ ሁሉ ግን ከተፈላጊውም ጥቂት ይወስዳል፤ ስለዚህ በመጠን ነው።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ደካማው አልሰማ ሲላቸው ከአንቴናው ሥር ሌላ ማጉያ ይጨምራሉ። ይህ ደካማውን ከማገዝ ይልቅ ረባሹን ያበረታዋል፤ ድብልቁም ይብሳል። መጀመሪያ ማጣራት፣ በኋላ ማጉላት ነው ሕጉ። የራስ ማስተላለፊያ ድብልቁን የሚወልድ ከሆነ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ሞገድ ተመልሶ እንዳይገባበት በመውጫው ላይ ማጣሪያና አይሶሌተር ይደረግለታል። ጥፋቱ በምሰሶው ላይ ከሆነ የዛገውን መለወጥ፣ የላላውን ማጥበቅ፣ ኬብሉንም በሚገባ በተሸፈነ ኬብል መተካት ያስፈልጋል። ረብሻው በእውነት ከማሠራጫው ጣቢያ በዚያው ፍሪኩዌንሲ የሚወጣ ከሆነ ግን በመቀበያው በር ላይ የሚቆም ማጣሪያ ሊለየው አይችልም፤ ከምንጩ መፈወስ አለበት። በዚህ ጊዜ የምርመራውን ውጤት ይዞ ከጣቢያው መሐንዲስ ጋራ በትሕትና መነጋገር ነው። ለተጠቃሚዎች የምሥጢር ቃና ሰጥቶ ያ ቃና ሳይሰማ ሪፒተሩ እንዳይነሣ የማድረግ ዘዴም አለ። ይህ ግን ረብሻውን ከሰዎች ጆሮ ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የደነቆረ መቀበያም በዚህ አይድንም።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። አገራችን በዓለም የራዲዮ ድልድል ከአፍሪካና ከአውሮፓ ጋራ በአንደኛው ክልል ስለምትገኝ ለአማተሮች የሚውለው የሁለት ሜትር ሞገድ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ነው። በአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው 97.1፣ 98.1ና 102.1 ደግሞ በኤፍ ኤም ክልል ውስጥ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍል የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ በኢ ቲ 3 ኤ ኤ መጠሪያ ሲሠራ ኖሯል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአሥመራ ደግሞ የአሜሪካ ጦር እስከ 1977 ድረስ ትልቅ የራዲዮ ማዳመጫ ሥፍራ ነበረው፤ ስሙም የቃኘው ጣቢያ ይባል ነበር። ስሙ በኮሪያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃ፣ እርሱም ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው የመጣ ነው። ሆኖም «ቃኘው» ከቅኝት ጋራ አንድ ሥር ያለው ቃል ሆኖ ለራዲዮ ማዳመጫ መዋሉ ደስ አሰኘን።

በመጨረሻ ወደ ክፍላችን እንመለስ። ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ መቀበያችንን እንደ ገና አነሣነው። አንቴናውን አላስረዘምነውም፤ ማጉያም አልጨመርንም። ከአሮጌ ራዲዮ ውስጥ አንድ ካፓሲተር አውጥተን በካርቶን ላይ ከጠቀለልነው ሽቦ ጋራ አያያዝነውና በአንቴናው መሥመር ላይ የሞገድ ወጥመድ ሠራን። ከዚያም የወጥመዱን መቃኛ ቀስ እያልን ስናዞር፣ ብርቱው ጣቢያ ሲደክም፣ ሲደክም፣ ከሞላ ጐደል ሲጠፋ ሰማነው። በዝምታውም ውስጥ ያ ደካማ ጣቢያ ብቅ አለ። ንግግሩ በግልጥ የማይሰማ፣ ግን የሰው ድምፅ መሆኑ የማያጠራጥር ነበር። የጆሮ ማዳመጫው አንድ ብቻ ስለ ነበረ በየተራ እየተቀባበልን አዳመጥነው። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ በዚያ ነበር።

ለመምህራችንም መልስ አገኘን። ጣቢያው በተሰጠው ርስት ላይ ሥራውን ይሠራ ነበር እንጂ አልበደለንም፤ ጥፋቱ የጆሮአችን ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው የአገራችን ተረት ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ በመዳብ ሽቦ ተማርነው። እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ጩኸት ወደ በዛበት ዓለም እንሄዳለን። በዚያም ብርቱ ድምፅ ያለው ብዙ ይሆናል፤ በኮረብታ ጀርባ ሆኖ በደካማ ድምፅ የሚጣራም አይጠፋም። ያ ሳይሰማን ሲቀር ጎረቤታችንን ከመክሰሳችን በፊት የራሳችንን መቀበያ እንድንመረምር ይህ ታሪክ አስተምሮናል። የሠራነውን ወጥመድ በፊዚክስ ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ትተነው እንሄዳለን። በሚመጣው ዓመት በቦታችን የምትቀመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንሡትና ቃኙት፤ ከእኛ የተሻለ እንደምትሰሙም ተስፋ አለን።